የጌም ኮንሶል የኢንተርኔት ግንኙነት ችግር

የጌም ኮንሶል የኢንተርኔት ግንኙነት ችግር ማለት እንደ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ እና ኒንቴንዶ ስዊች ያሉ የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻዎች ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ ግንኙነታቸው ሲቆራረጥ ወይም ጨዋታው እየዘገየ ሲያስቸግር የሚታይ ችግር ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ኮንሶሉ የተበላሸ ቢያስመስልም፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከኮንሶሉ ውጭ ነው፦ በቤቱ ዋይፋይ፣ በራውተሩ፣ በቴሌኮም መስመሩ ወይም ውጭ አገር ባለው ሰርቨር ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቅንብር መቀያየር ሳይሆን ችግሩ ከነዚህ በየትኛው ላይ እንዳለ መለየት ነው። ይህ ሳይደረግ ትልቅ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ወይም ኮንሶሉን ጥገና ቤት መውሰድ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ችግሩን ላይፈታ ይችላል።

ይህ መጣጥፍ መንስኤዎቹንና መፍትሔዎቹን ከኮንሶሉ ተነስቶ ወደ ውጭ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከድሬዳዋ ከተማና ከኢትዮጵያ የኢንተርኔት ሁኔታ የተወሰዱ ናቸው።

ዳራ

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት አገልግሎቱን የሚሰጠው ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለደንበኞች አገልግሎት መስጠት የጀመረው በድሬዳዋ ነው። በከተማው የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፈተ፤ አገር አቀፍ አገልግሎቱን ደግሞ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ አስጀመረ። የሁለት ኦፕሬተሮች መኖር ከዚህ በታች እንደሚታየው ለምርመራም ይጠቅማል፤ አንዱ መስመር ሲያስቸግር በሌላው ሞክሮ ማወዳደር ይቻላልና።

ኮንሶል በቤት ብቻ ሳይሆን በተለምዶ ፕሌይስቴሽን ቤት በሚባሉት ቦታዎችም ይገኛል። እዚያ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የእግር ኳስ ጨዋታ ሲጫወቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አፕዴት ለማውረድ፣ የቡድኖችን የተጫዋች ዝርዝር ለማደስ፣ በዲጂታል የተገዛ ጨዋታ ለመጫን እና ሩቅ ካለ ሰው ጋር ለመጫወት ነው። በዲጂታል የተገዛ ጨዋታ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተው ኮንሶሉ የአካውንቱ "ዋና ኮንሶል" ተብሎ ከተመዘገበ ነው። ይህ ምዝገባ ካልተደረገ፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን የተገዛው ጨዋታ ሳይቀር ተቆልፎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ግንኙነቱ ደህና በሆነበት ጊዜ አስቀድሞ ማስመዝገብ ይበጃል።

የግንኙነቱ ክፍሎች

ከኮንሶሉ የወጣ መልእክት ጨዋታው ሰርቨር ላይ እስኪደርስ በአምስት ክፍሎች ያልፋል።

1. ኮንሶሉ ራሱ
2. በኮንሶሉና በራውተሩ መካከል ያለው ዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ገመድ
3. ራውተሩ (ሞደሙ) ወይም ሆትስፖት የከፈተው ስልክ
4. የቴሌኮም ድርጅቱ መስመርና ከአገር የሚያስወጣው ዓለም አቀፍ ገመድ
5. የጨዋታው ወይም የኮንሶል አምራቹ ሰርቨር

ከአምስቱ አንዱ ከተበላሸ ጨዋታው አይሠራም። ተጠቃሚው በእጁ ማስተካከል የሚችለው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሲሆን፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ላይ ማድረግ የሚችለው ማሳወቅና መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያ ምርመራ

ማንኛውንም ቅንብር ከመንካት በፊት የሚከተሉትን ሦስት ሙከራዎች ማድረግ ችግሩ የት እንዳለ በአብዛኛው ያሳያል።

የስልክ ሙከራ። ስልክ ከዚያው ዋይፋይ ጋር ይገናኝና ድረ ገጽ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ የስልኩ የሞባይል ዳታ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ስልኩ ዋይፋዩን ትቶ በሲም ካርዱ ስለሚገናኝ ያልሠራው ዋይፋይ የሠራ ይመስላል። ስልኩም ካልሠራ ችግሩ የኮንሶሉ አይደለም።

የኮንሶሉ የራሱ ሙከራ። ሁሉም ዘመናዊ ኮንሶሎች በቅንብር ውስጥ፣ በኔትወርክ ክፍል፣ የግንኙነት መፈተሻ አላቸው። በፕሌይስቴሽን ላይ ውጤቱ በደረጃ ተዘርዝሮ ይወጣል፤ ንባቡም እንደሚከተለው ነው።

- አይፒ አድራሻ አልተገኘም ካለ፣ ችግሩ በኮንሶሉና በራውተሩ መካከል ነው።
- አይፒ አድራሻ ተገኝቶ የኢንተርኔት ግንኙነት አልተሳካም ካለ፣ ችግሩ በራውተሩ፣ በጥቅሉ፣ በዲኤንኤስ ወይም በመስመሩ ላይ ነው።
- ኢንተርኔት ተሳክቶ ወደ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መግባት ካልተቻለ፣ ችግሩ የአካውንቱ፣ የኮንሶሉ ቀንና ሰዓት ወይም የሰርቨሩ ነው።
- ሁሉም ተሳክቶ ጨዋታው ውስጥ ብቻ ሰው ማግኘት ካልተቻለ፣ ኤንኤቲ (ከታች ይመልከቱ) ወይም የጨዋታው ሰርቨር ይጠረጠራል።

የመተካት ሙከራ። የሌላው ኦፕሬተር ሲም ካርድ ባለው ስልክ ሆትስፖት ተከፍቶ ኮንሶሉ ከእርሱ ጋር ይገናኛል። በዚህ ከሠራ ኮንሶሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ፍለጋው ወደ ራውተሩና ወደ መስመሩ ይዞራል። ለዚህ ሙከራ ብዙ ዳታ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ኮንሶሉ በራሱ ትልቅ አፕዴት ማውረድ እንዳይጀምር አስቀድሞ ማቆም ይገባል።

በኮንሶሉና በራውተሩ መካከል

የይለፍ ቃል። የፕሌይስቴሽን 4 የስህተት ቁጥር ኤንደብልዩ-31297-2 የዋይፋይ የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም ማለት ነው። በጆይስቲክ ሲጻፍ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል፣ እንዲሁም ዜሮንና "ኦ"ን ማምታታት የተለመደ ነው።

የሞገድ ዓይነት። ዋይፋይ በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 እና ከእርሱ በፊት የነበረው ፕሌይስቴሽን 3 የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ ወይም የስልኩ ሆትስፖት በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ከተከፈተ፣ አዲስ ስልክ እያየው እነዚህ ኮንሶሎች ስሙን እንኳ አያዩትም። መፍትሔው በራውተሩ ወይም በሆትስፖቱ ቅንብር ውስጥ 2.4ን መክፈት ነው። የቀደሙት የኤክስቦክስ 360 ሞዴሎች ደግሞ ዋይፋይ አብሮ የተሠራላቸው ስላልሆኑ ገመድ ወይም ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋሉ።

የደኅንነት ዓይነት። ራውተሩ ደብልዩፒኤ3 የተባለውን አዲስ የደኅንነት ዓይነት ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ የቆዩ ኮንሶሎች መግባት አይችሉም። ደብልዩፒኤ2ን ወይም ሁለቱን በአንድነት የሚቀበለውን ምርጫ መያዝ ይሻላል።

ግድግዳና ርቀት። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል፤ 2.4 ግን ራቅ ብሎ ይደርሳል። ከድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር እንዳሉት በባቡሩ ዘመን የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች ባሉ ወፍራም ግንቦች ውስጥ፣ ራውተር አንድ ክፍል፣ ኮንሶል ሌላ ክፍል ሲሆን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ቆርቆሮና ሌላ ብረትም ሞገዱን ያግዳሉ። ራውተሩን ከወለል ከፍ አድርጎ በቤቱ መሐል ማስቀመጥ ይረዳል።

የጎረቤት ዋይፋይ። ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ብዙ ራውተሮች በአንድ ቻናል ላይ ሲናገሩ ይረባበሻሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ከሦስቱ ብዙ ጎረቤት ያልያዘውን መምረጥ ይመከራል።

የኔትወርክ ገመድ። ከላይ ያሉትን የዋይፋይ ችግሮች በአንዴ የሚያስቀረው ገመድ ነው። አንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊዘረጋ ይችላል። በተለይ ብዙ ኮንሶል ላለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገመድና ስዊች የሚባለው የገመድ ማከፋፈያ ከዋይፋይ የበለጠ አስተማማኝ ናቸው። በገመድ ሲገናኝ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ችግሩ የዋይፋይ እንደነበረ ይረጋገጣል።

ሙቀትና መብራት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ስትሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5 የሰጠው የአካባቢ የሙቀት ገደብ ደግሞ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በከተማው ሞቃት ወራት ኮንሶሉ፣ በተለይም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ፣ ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ራውተርም ሲግል ሊቆራረጥ ወይም ራሱን አጥፍቶ ሊያበራ ይችላል። ግንኙነቱ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚቆራረጥ ከሆነ ሙቀትን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሆኖም የማታው ሰዓት ብዙ ሰው መስመሩን የሚጠቀምበት ስለሆነ፣ ማታ ብቻ የሚታይ ዝግታ ከሙቀት ይልቅ ከመስመር መጨናነቅ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ራውተሩን ከኮንሶሉና ከዲኮደሩ ላይ አንስቶ ለብቻው ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥና አቧራውን መጥረግ ይጠቅማል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ መስመሩን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። ኮንሶሉ ከዚያ በፊት ከተከፈተ አይፒ አድራሻ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ራውተሩ በርቶ መብራቶቹ እስኪረጉ ይጠበቃል፤ ኮንሶሉ ከዚያ በኋላ ይከፈታል።

ራውተሩና የኢንተርኔት ጥቅሉ

አጥፍቶ ማብራት። ራውተሩን ከሶኬት ነቅሎ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜያዊ ችግሮችን ያስወግዳል። ይህ ግን ከኋላ ያለችውን ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ከመያዝ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሪሴት የዋይፋዩን ስም ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ መስመሩን ሲያስገባ የሞላውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። እነዚህን በወረቀት ያልያዘ ሰው ባለሙያ እስኪመጣለት ድረስ ቤቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል።

የጥቅል ማለቅ። ጥቅሉ ሲያልቅ ወይም ቀኑ ሲያልፍ ኮንሶሉ "ዋይፋይ ተገናኝቷል" እያለ ኢንተርኔት ግን አይኖርም። ስልክ ላይ የማለቂያ መልእክት ይደርሳል፤ ኮንሶል ግን ይህን አያሳይም። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ 700 ነው።

የማውረጃ ጊዜ። የኢንተርኔት ፍጥነት በሜጋቢት፣ የጨዋታ መጠን ደግሞ በጊጋባይት ስለሚነገር ስሌቱ ያሳስታል። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 50 ጊጋባይት የሆነ ጨዋታ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሆነ መስመር ለማውረድ 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ20 ሜጋቢት ግን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ የዘገየ ማውረድ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ከሩቅ ሰው ጋር መጫወት በአንጻሩ እጅግ ትንሽ ዳታ ነው የሚፈልገው፤ ዳታውን የሚበላው ማውረዱ ነው።

የጋራ መስመር። አንድ ሰው ቪዲዮ ሲያወርድ ወይም ስልክ ፎቶዎችን ወደ ደመና ሲልክ የራውተሩ ወረፋ ይሞላና የጨዋታው ትንንሽ መልእክቶች ከኋላ ይሰለፋሉ። ውጤቱ ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ኳሱ ዘግይቶ መመታቱ ነው። በጨዋታ ሰዓት አፕዴቶችን ማቆም ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ነው። አንዳንድ ራውተሮች ለኮንሶሉ ቅድሚያ የሚሰጥ ቅንብርም አላቸው።

ዲኤንኤስ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚለውጥ አገልግሎት ነው። የድርጅቱ ዲኤንኤስ ሲዘገይ በኮንሶሉ ቅንብር ውስጥ በእጅ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ማስገባት ይቻላል። ይህ ሰርቨሩን ፈልጎ ለማግኘት ይረዳል እንጂ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ያለውን መዘግየት አይቀንስም።

ኤምቲዩ። ኤምቲዩ በአንድ ጊዜ የሚላከው ትልቁ የመልእክት መጠን ነው። መደበኛው 1500 ባይት ሲሆን፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በሚጠይቀው ፒፒፒኦኢ መስመር ላይ ግን 1492 ነው። ኤክስቦክስ ቢያንስ 1384 ይፈልጋል። የተሳሳተ ቁጥር ከገባ አንዳንዱ ገጽ ተከፍቶ ሌላው አይከፈትም። ካልታወቀ በቀር በ"አውቶማቲክ" መተው ይሻላል።

ኤንኤቲ

ኤንኤቲ በአንድ ቤት ያሉ ብዙ መሣሪያዎች አንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ እንዲጋሩ የሚያደርግ የአድራሻ ልወጣ ነው። ከውስጥ ለወጣ ጥያቄ መልስ ያስገባል፤ ከውጭ ሳይጠየቅ የመጣውን ግን አያስገባም። ድረ ገጽ ለማየት ይህ በቂ ነው። ሁለት ኮንሶሎች በቀጥታ ሲገናኙበት ጨዋታ ግን በሩ መከፈት አለበት። ቪዲዮ እየታየ ጨዋታ ውስጥ ተጋጣሚ የማይገኝበት ወይም የጓደኛ ድምፅ የማይሰማበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ፕሌይስቴሽን ኤንኤቲን ዓይነት 1፣ 2 እና 3 ብሎ ይከፍለዋል። ዓይነት 1 ያለ ራውተር በቀጥታ የተገናኘ፣ ዓይነት 2 በራውተር በኩል በደንብ የሚሠራ፣ ዓይነት 3 ደግሞ የተገደበ ነው። ኤክስቦክስ ክፍት፣ መካከለኛ እና ጥብቅ ይላቸዋል። ዓይነት 3 ወይም ጥብቅ ሲሆን የሚከተሉት በተራ ይሞከራሉ።

- በራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ የተባለውን ቅንብር መክፈት፤ ይህ ኮንሶሉ የሚፈልገውን በር በራሱ እንዲያስከፍት ያደርጋል።
- ሁለት ራውተሮች አንዱ ከአንዱ ጋር ከተያያዙ ሁለተኛውን አድራሻ የማይለውጥ ማከፋፈያ ማድረግ።
- ለኮንሶሉ የማይለወጥ አይፒ አድራሻ ሰጥቶ የሚያስፈልጉትን ፖርቶች ብቻ መክፈት። ኤክስቦክስ በዋናነት 3074ን፣ ፕሌይስቴሽን 3478ን እና 3479ን ይጠቀማሉ። ሁሉንም ፖርት መክፈት ለደኅንነት አደገኛ ነው።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ ራውተሩ ራሱ የሕዝብ አድራሻ ላይኖረው ይችላል። የዓለም የአይፒ ቁጥር 4 አድራሻዎች ስላለቁ ብዙ ኦፕሬተሮች፣ በተለይ በሞባይል መስመር፣ በርካታ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ስር ያደርጋሉ። ይህን ለማወቅ በራውተሩ ገጽ ላይ የተጻፈው የውጭ አድራሻ፣ ስልክ ላይ "የእኔ አይፒ አድራሻ" ብለው ሲፈልጉ ከሚመጣው ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ሁለተኛው ኤንኤቲ ያለው በኦፕሬተሩ ቤት ነው። በዚህ ጊዜ በራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ምንም አይለውጥም። መፍትሔው ድርጅቱን የሕዝብ አድራሻ መጠየቅ ወይም ተጫዋቾችን በሰርቨር በኩል የሚያገናኙ ጨዋታዎችን መምረጥ ነው።

ርቀትና መዘግየት

ፒንግ መልእክት ከኮንሶሉ ተነስቶ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከድሬዳዋ እስከ ጀርመኗ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ከ54 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ በቀጥታ ስለማይሄድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ትልቅ ጥቅል መግዛት ማውረድን ያፈጥናል እንጂ ይህን ርቀት አያሳጥርም። ተጫዋቹ ማድረግ የሚችለው ጨዋታው ከፈቀደ ቅርብ ያለውን የሰርቨር አካባቢ መምረጥ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የባሕር ሥር ገመዶች ተጎድተው በምሥራቅ አፍሪካና በእስያ የኢንተርኔት ፍሰት ታውኮ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በኮንሶሉ ላይ የሚደረግ ለውጥ አይረዳም፤ እንዲያውም በችግሩ መሐል የተቀያየረ ቅንብር መስመሩ ሲመለስ ሌላ ችግር ይፈጥራል።

የሰርቨርና የአካውንት ችግር

የፕሌይስቴሽን 4 የስህተት ቁጥር ደብልዩኤስ-37403-7 ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በጥገና ላይ ነው ማለት ነው። ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶ የአገልግሎታቸውን ሁኔታ የሚያሳዩ ገጾች ስላሏቸው በስልክ ከፍቶ ማየት ይቻላል።

የኮንሶሉ ቀንና ሰዓት ከተዛባ የሰርቨሩ የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያለፈበት መስሎ ስለሚታይ መግባት አይቻልም። ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት በቆየ ወይም አገልግሎ በተሸጠ ኮንሶል ላይ ይህ ያጋጥማል።

ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት የሚያቀርበው የአገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያን አይጨምርም። የተመረጠ አገር በኋላ አይለወጥም፤ የክፍያ ካርድና የስጦታ ካርድም ከተመረጠው አገር ጋር መስማማት አለባቸው። ስለዚህ "ክፍያው አልተቀበለም" የሚል መልእክት የኢንተርኔት ችግር አይደለም።

በመጨረሻም አንዳንድ አገልግሎት ለዘለቄታው ተዘግቷል። ኒንቴንዶ የ3ዲኤስንና የዊ ዩን የኦንላይን ጨዋታ በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ የኤክስቦክስ 360 መደብርም በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተዘግቷል። የቆዩ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ሰርቨሮችም በየጊዜው ይዘጋሉ። አሮጌ ኮንሶል ከመግዛት በፊት የሚፈለገው ጨዋታ ሰርቨር አሁንም ክፍት መሆኑን ማጣራት ይገባል።

ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ

ችግሩ የመስመሩ እንደሆነ ከታወቀ፣ "ጌሙ አይሠራም" ከማለት ይልቅ የሚከተሉትን መዝግቦ መደወል ጉዳዩን ያፋጥናል።

- ችግሩ የጀመረበት ቀንና የሚብስበት ሰዓት
- በስልክና በኮምፒውተር ላይም እንደሚታይ
- በገመድ ሲሞከር የተገኘው የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት
- የራውተሩ መብራቶች ሁኔታ፤ በፋይበር መሣሪያ ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ የፋይበሩ ምልክት አልደረሰም ማለት ነው
- ራውተሩ ጠፍቶ እንደበራና ጥቅሉ እንዳላለቀ መረጋገጡ

የሎስ መብራት ቀይ ሆኖ ሳለ የኮንሶሉን ቅንብር መነካካት አያስፈልግም። የፋይበሩ ገመድ ተነቅሎ ወይም ከመጠን በላይ ታጥፎ እንደሆነ ከውጭ በዓይን ማየት ይበቃል፤ ቀሪው የባለሙያ ሥራ ነው።